አባትህ ደክሟል

አባ ሊኖ ፖርቱጋልኛ የተማሩት በእማማ ኤፍራዢያ ወጥ ቤት ነው።

አሁን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ወጥ ቤቱ የለም። ወንዙ ዳሩን እየበላ እየበላ መጥቶ አንድ ክረምት ላይ ወሰደው። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ዓይናቸው የሚሄደው ወጥ ቤቱ ወደነበረበት ባዶ ውሃ ነው። ሰው ሲያናግራቸው ቶሎ አይመልሱም። ያኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነበር። እግራቸው ረጅም፣ አፍንጫቸው በፀሐይ የተላጠ፣ ስማቸውም ሊንደርት ነበር። ሊንደርት የሚለው ስም የወንዝ ዳሯን መንደር የሳንታ ኤልቪራን ሰው ስላስቸገረ በሦስተኛው ቀን ሊኖ ሆኑ። የዚያን ጊዜውን ልጅ አንቱ ማለት አፍ አይሞላም፤ እሱ ብለን እንቀጥል።

ከሆላንድ መጥቶ ከመርከብ ሲወርድ የተቀበሉት ሽማግሌው አባ ኮርኔሊስ ነበሩ። ሁለት ሳምንት አብረውት ቆዩና፣ ላይኛውን ወንዝ ለመጎብኘት ለአራት ወር ሄዱ። ሲሄዱ፣ “ቋንቋ ከሰው ነው የሚገኘው፤ ስመለስ ጆሮ እንዲኖርህ እፈልጋለሁ” አሉት። መዝገበ ቃላትም ትተውለት ነበር። እሱን ምስጥ በላው።

ጠዋት ይቀድሳል። ቅዳሴውን ከመምጣቱ በፊት በቃሉ ስላጠናው አይቸገርም። ችግሩ የሚጀምረው ከቅዳሴ በኋላ፣ ቁርስ ላይ ነው። ቤቱን የሚይዙት እማማ ኤፍራዢያ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን የማስተማሪያ ዘዴ ነበራቸው። ቁርሱን በትክክል ካልጠየቀ አይሰጡትም። በሰው ፊት እርስዎ ይሉታል። ወጥ ቤት ሲገቡ አንተ ነው።

“እማማ፣ እኔ ዓሣ ትፈልጋለች።”

“ማናት የምትፈልገው?”

“እኔ።”

“አንተ ሴት ነህ?”

“አይደለም።”

“እንግዲያው እንደ ወንድ ተራብ።”

ሊኖ ያስባል። ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እማማ ኤፍራዢያ ጀርባቸውን ሰጥተው የዓሣውን ቅርፊት ይፍቃሉ፤ አይቸኩሉም። በመጨረሻ ሲያስተካክለው ሳይዞሩ ሳህኑን በጎን ይገፉለታል። አንዳንድ ቀን ዓሣው የሚደርሰው ቀዝቅዞ ነበር።

ከቁርስ በኋላ ወደ ጀልባ ማሰሪያው ይወርዳል። ሴቶች እዚያ ልብስ ያጥባሉ። ዝም ብሎ እንዲያልፍ አይፈቅዱለትም።

“አባ ሊኖ! አገርዎ ሴት የለም እንዴ፣ ይሄን የሚያህል ወንድ ለእግዜር የሚሰጡት?”

“አለ። ግን... እኔ ሥራ በዛ።”

“ውይ የኔ ጌታ! ሥራ በዝቶበት ነው ለካ የመነኮሰው!”

ሳቁ ከውሃው ማዶ ይሰማል። ጆሮው እስኪቃጠል ይቀላል፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ ይወርዳል። ለምን ይመለሳል ቢባል፣ ከሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደሚሰበር ዕቃ ያልተጠነቀቁለት እነሱ ብቻ ነበሩ። አባ ሊኖ ዛሬም የእነዚያን ሴቶች ስም በተራ ይጠራሉ። በሕይወት ያለች አንዲት ናት፤ እሷም አትሰማም።

ሥራ የሚባለው ሥራ የነበረው ቀትር ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ ነበረችው። ከደብሩ ጀርባ አንዲት ክፍል፣ አንድ የመብራት ሞተር፣ አንድ ማይክሮፎን። ጣቢያዋን የያዙት ጋሽ አናክሌቶ ነበሩ፤ ሃምሳ ያለፋቸው፣ ቀጫጫ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። በዚያን ጊዜ በዡሩዋ ወንዝ ላይ ስልክ የለም፤ መንገድም የለም። ወተቱን ለማውጣት የጎማ ዛፍ የሚያቆስሉ፣ ካሳቫ የሚተክሉ ሰዎች በየጅረቱ አፍ ተበትነው ይኖራሉ፤ ከአንዱ ቤት እስከሚቀጥለው ግማሽ ቀን በመቅዘፊያ። ቀትር ሲሆን ሁሉም ከጫካ ይመለሳል፤ ሬዲዮውን ከምሰሶው ላይ ይከፍታል። ባትሪ የሚቆጠበው ለዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። ጋሽ አናክሌቶ ሰው በወረቀት ያስጻፈውን መልእክት ተራ በተራ ያነባሉ።

“የትልቁ ደሴት ኒልዛ፣ እህትሽ ወልዳለች። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።”

“ጋሽ ኦዞሪዮ፣ የረሱት መነጽር በነጋዴው ጀልባ ተልኳል። አንደኛው መስታወት ቀድሞም የተሰነጠቀ ነበር።”

አንድ ሰው የሚላክለትን መልእክት ወንዙ ሁሉ ይሰማል። የጋሽ ኦዞሪዮ መነጽር ደርሶ እንደሆነ የጠየቁ ሰዎች ከሃያ አያንሱም።

አባ ኮርኔሊስ ከመሄዳቸው በፊት፣ ልጁ ምላሱ እንዲፈታ መልእክቶቹን እየጻፈ ማንበብም ይለማመድ ብለው ነበር። ስለዚህ ሊኖ ጠዋት ጠዋት መልእክት ይቀበላል፤ ፊደል ለማያውቅ ይጽፋል፤ ከዚያ ሞተሩ ሳይነሳ ለጋሽ አናክሌቶ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል።

“እንደ ጎርፍ ነህ” ይሉታል። “ቅጠሉንም እንጨቱንም አብረህ ታመጣለህ። ቀስ በል።”

“እሺ።”

“ደግሞ ከራስህ አትጨምር።”

“እኔ የጨመርኩት ‘እባክሽ’ ብቻ ነው።”

“አላለችም።”

“ጨዋነት ነው ጋሽ አናክሌቶ።”

“አላለችም አልኩህ። ቃሉ የሰው ነው፤ ያንተ አይደለም።”

በሦስተኛው ወር ጋሽ አናክሌቶን ወባ ጣላቸው። ሞተሩን የሚያስነሳ ጎረቤት ተገኘ፤ የሚያነብ ግን አልነበረም። ጋሽ አናክሌቶ ከተኙበት ተንጠልጣይ መረብ አልጋ ሆነው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ “የተጻፈውን ብቻ” አሉት። ሊኖ ሁለት ቀን አነበበ። አልተሳሳተም። ሴቶቹ ጀልባ ማሰሪያው ላይ እልል አሉለት። እማማ ኤፍራዢያ ሳይጠየቁ ቁርስ ሰጡት።

በሦስተኛው ቀን ኩስቶዲዮ የሚባል አዛውንት ተቀበረ።

የሞተው የዋዜማው ከሰዓት ነው። በዚያ ሙቀት ሬሳ አያቆዩትም። ጠዋት ሊኖ ራሱ ፍትሐቱን አድርጎ አፈር ሲለብስ አየ። አንድ ነገር ገረመው። ማንም አላለቀሰም። ሚስቱ እትዬ ዙልሚራ የሻሻቸውን ጫፍ ነክሰው ቆሙ። ቀለም ያለው ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበሩ። ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን ይዘው ቆሙ። ሊኖ በልቡ፣ ጨካኞች ናቸው እንዴ አለ።

ከቀብር እንደተመለሱ እትዬ ዙልሚራ ወደ ጣቢያዋ መጡ። እጃቸው ላይ የመቃብሩ አፈር ነበር።

“ለልጄ ለቤልሚሮ ጻፍልኝ አባ። ጥቁር ጅረት ነው ያለው።”

ሊኖ ብዕሩን አነሳ።

“ቤልሚሮ፣ አባትህ ደክሟል። ቶሎ ና። የጀመርከውን ካሳቫ ሚስትህ ትጨርሰው። ሕፃኑን ሳሚልኝ በላት። እናትህ ዙልሚራ።”

ሊኖ ጽፎ ሲጨርስ ቀና አለ። “ደክሟል?”

“እንደሱ በለው።”

“ግን እኮ እማማ...”

“እንደሱ በለው” አሉና ሄዱ።

ቀትር እስኪሆን ሁለት ሰዓት ይቀር ነበር። ሊኖ ወረቀቷን ይዞ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ስለ ሊኖ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ገና ተማሪ ቤት ሳለ የራሱ አባት ሞቶ ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ አለቆቹ፣ ፈተናውን ይጨርስ ብለው ስምንት ቀን መሳቢያ ውስጥ አቆዩት። እነዚያን ስምንት ቀናት ኳስ ተጫውቷል፤ ዘፍኗል፤ አንድ ቀን እንዲያውም አባቱን የሚያስቅ ነገር ጽፎ ልኮለታል። ከሁሉ ይበልጥ ከልቡ ያልወጣለት ያ ደብዳቤ ነበር። ስለዚህ ወረቀቷን ሲያይ የታየው ያ መሳቢያ ነው። ይህ ቤልሚሮ የሚባል ሰው የተቀበረ አባቱን አገኛለሁ ብሎ ሁለት ቀን ሲቀዝፍ ታየው። እትዬ ዙልሚራ ሐዘን አፋቸውን ይዟቸው ነው፤ እኔ ልናገርላቸው አለ። ክፋት አልነበረበትም። አዲስ ወረቀት አወጣ። ሦስት ጊዜ ጻፈ፤ ሦስት ጊዜ አረመ፤ እንደ ጸሎት አጠናው።

ቀትር ሲሆን አነበበ።

“የጥቁር ጅረቱ ቤልሚሮ፣ አባትህ ኩስቶዲዮ ትናንት አርፏል። ዛሬ ጠዋት በክርስቲያን ሥርዓት ተቀብሯል። እናትህ ዙልሚራ።”

አንድ ቃል አልተደናቀፈም። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ የጠራ ፖርቱጋልኛ ተናግሮ አያውቅም። ሞተሩን አስጠፍቶ ሲወጣ መንገዱ ላይ ሰው ቆሟል። ጫማ ሰፊው መዶሻውን አንስቶ ቀርቷል። ሴቶቹ ከጀልባ ማሰሪያው ወጥተው የረጠበ ልብስ እንደያዙ ያዩታል፤ ሲያያቸው ፊታቸውን አዞሩ።

እማማ ኤፍራዢያ ወጥ ቤት በር ላይ ነበሩ።

“ምን አደረግክ?”

“እውነቱን ነገርኩት።”

“ማን ጠየቀህ?”

“ማወቅ መብቱ ነው። ልጁ ነው።”

“ልጁ ስለሆነ ነው እንጂ! ሰው መርዶ ከሳጥን ይሰማል? መጀመሪያ ይጠራል። ይመጣል። ይቀመጣል፤ እህል ይቀምሳል፤ አበልጁ በዚህ፣ አጎቱ በዚያ ይሆናሉ። ከዚያ እናቱ አንገቱን ይዛ ትነግረዋለች። አሁን ማን ያዘው? ቤልሚሮ ሲወድቅ ያ ሳጥንህ እጅ አለው?”

ሊኖ ዞሮ ጣቢያዋን አየ።

“አይጠረጥርም መሰለህ? ይጠረጥራል። ‘ደክሟል’ ሲባል ሆዱ ያውቃል። ግን ሁለት ቀን ይቀዝፋል፤ እየቀዘፈ ከአባቱ ጋር ይነጋገራል። ይታረቀዋል። ለዚህ ነው መንገዱ የሚሰጠው። ተጣልተው እንደነበር ታውቃለህ?”

“አላውቅም።”

“አባቱ ኢዳሊናን፣ አሁን ሚስቱ የሆነችውን፣ አታገባም ብሎት ነው። ሦስት ዓመት አልተያዩም። በሬዲዮ መርዶ የሚነገረው ለማን እንደሆነ ልንገርህ? ወገን ለሌለው ነው። ወይ ወገኑ ለካደው።” የድስቱን ክዳን ጣል አደረጉ። “ምሳ የለም።”

እትዬ ዙልሚራ አልጮሁም፤ አልተሳደቡም። ከሰዓት በኋላ እስከ ደብሩ በር መጡና ቆሙ፤ ሊኖን አዩት፤ ተመለሱ። ከማግስቱ ጀምሮ ጀልባ ማሰሪያው ላይ ተቀመጡ። ጥቁር አልለበሱም። ሰው ሊያጽናና ሲጠጋቸው፣ “ልጄን ሳልነግረው አላለቅስም። ገና አልሞተም” ይላሉ። አራት ቀን ሆነ። አምስት ሆነ። ከላይ የሚወርደውን ጀልባ ሁሉ ቆመው ያያሉ።

በሰባተኛው ቀን ነጋዴው ጀልባ ከላይ ወረደ። ነጋዴው ገመዱን ሳያስር ነበር ያወራው።

“ቤልሚሮ ሬዲዮውን ከምሰሶው አውርዶ ወንዝ ከተተው። ‘አባቴ በሕይወቱ ካደኝ፤ እናቴ ደግሞ አሁን ካደችኝ። እንደ ባዕድ አስነገረችኝ። ከእንግዲህ ሳንታ ኤልቪራን አልረግጥም’ ብሏል።”

እትዬ ዙልሚራ ሰሙት። ከተቀመጡበት አልተነሱም።

ሊኖ ሽቅብ ወደ ጋሽ አናክሌቶ ቤት ሄደ። ትኩሳቱ ለቋቸው ነበር፤ ፊታቸው ግን ገና ቢጫ ነው።

“ጀልባ እፈልጋለሁ።”

“ለምን?”

“ወደ ቤልሚሮ ልሄድ።”

“ሄደህ ምን ልትለው?”

“እውነቱን።”

“አሁንም አልበቃህም?”

ሊኖ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ረጅም እግሮቹን የሚያደርግበት አጣ። “እናቱ አልካደችውም። ይህን የሚያውቅ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ቢነግረው አያምንም።”

ጋሽ አናክሌቶ ከመረብ አልጋቸው እግራቸውን አወረዱ። ከዚያ ኮፍያቸውን ከምስማሩ አነሱ።

ወደ ላይ ሦስት ቀን ፈጀ። ውሃው ይገፋል። ሊኖ መቅዘፍ የተማረው በዚያ መንገድ ነው፤ መዳፉ ተላጠ። ወዲያው የሚናገረውን ማጥናት ጀመረ። አንዷን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ይላል፤ ይደግማል፤ ያርማል። በሁለተኛው ቀን ጋሽ አናክሌቶ መቅዘፊያቸውን አነሱና፣

“ተው” አሉ።

“እንዳልሳሳት ነው።”

“ያን ቀን አጥንተህ ነው ጉድ የሠራኸው። ተሳሳት።”

የቤልሚሮ ቤት በረጃጅም እንጨቶች ላይ የቆመ፣ ጣሪያው የዘንባባ ቅጠል ነው። ኢዳሊና ሕፃን አዝላ በደረጃው ራስ ላይ ታየች። እንግዳ እንግዳ ነውና ውሃ ሰጠቻቸው። ቤልሚሮ ወለሉ ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ቀና አላለም።

“ቤት ለእንግዳ ነው ጋሽ አናክሌቶ። እርስዎ ይቀመጡ” አለ። ስለ ሊኖ ምንም አላለም።

ሊኖ ቆሞ ቀረ። ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። ላብ በዓይኑ ገባ።

“እናትህ አልተናገረም” አለ። “እኔ ተናገረች።”

ቤልሚሮ መርፌውን አቆመ።

“እናትህ መጣ። እጁ አፈር አለ። እናትህ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ ሌላ ነገር አነበብኩ። እኔ ነው። እኔ ብቻ። የኔ አባት ሲሞት ሰዎች ደበቁኝ፤ እኔ ተናደድኩ። ስለዚህ ላንተ... እኔ አላወቀም። እናትህ ጥቁር አልለበሰም። በጀልባ ቦታ ተቀምጧል። ሰባት ቀን። አሁን አሥር። እኔ በደለኛ ነኝ፤ እናትህ የለበትም።”

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፤ ኢዳሊና ወዘወዘችው። ቤልሚሮ ጋሽ አናክሌቶን አያቸው። እሳቸው ወንዙን ያያሉ።

“ምን ነበር ያለችው?” አለ ቤልሚሮ። ሊኖን ያየው ያን ጊዜ ነው። “የሷን ቃል። ያንተን አይደለም።”

ሊኖ ዓይኑን ጨፈነ። “ቤልሚሮ፣ አባትህ ደክሟል። ቶሎ ና። የጀመርከውን ካሳቫ ሚስትህ ትጨርሰው። ሕፃኑን ሳሚልኝ በላት። እናትህ ዙልሚራ።”

“ሕፃኑን አለች?”

“ሳሚልኝ አለ።”

“ካሳቫውን አለች?”

“ሚስትህ ትጨርሰው አለ።”

ቤልሚሮ መረቡን ከጭኑ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ። እናቱ ልጅ መውለዱን መስማቷን እንኳ አያውቅም ነበር። ተነሳና የእንጨቱን ግድግዳ በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ጀርባው ብቻ ይታይ ነበር። ሲዞር ፊቱ ደርቋል፤ ድምፁም የሌላ ቀን ድምፅ ነው።

“ኢዳሊና፣ መረብ አልጋዬን ጠቅልይልኝ። አባቴ ደክሟል። ሳይብስበት ልድረስ።”

ሊኖ አፉን ከፈተ። ጋሽ አናክሌቶ እግሩን ረገጡት። በደንብ አድርገው ረገጡት።

“መሄዱስ ጥሩ ነው” አለች ኢዳሊና፣ ዓይኗን ሳትነቅል። “ካሳቫውን እኔ እጨርሰዋለሁ።”

ወዲያው ተነሱ። ወደ ታች ወንዙ ራሱ ይወስዳል፤ ቤልሚሮ ግን ይቀዝፍ ነበር፣ እንደሚቸኩል ሰው። በየጅረቱ አፍ ሰው ይወጣል። በወንዙ ላይ ያን መልእክት ያልሰማ ቤት አልነበረም። አሥር ቀን ስለሱ ሲወራ ከርሟል። መጀመሪያ ያገኟቸው ዓሣ የሚያሰጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ።

“ቤልሚሮ! በደህና ነው?”

“አባቴ ደክሞብኝ ነው።”

ወንድማማቾቹ ተያዩ። አንዱ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው።

“እግዜር ይማርልህ” አለ። “ቶሎ ቅዘፍ እንግዲህ።”

ከዚያ በኋላ በየዳርቻው ይኸው ሆነ። ማን እንደነገራቸው አይታወቅም፤ ጀልባዋን ሲያዩ፣ ቤልሚሮንም መካከሏ ላይ ሲያዩ ገባቸው። “ይማርልህ” ይላሉ። “ሰላም በልልኝ” ይላሉ። ጋሽ ኦዞሪዮ በተሰነጠቀ መነጽራቸው ከበረንዳ ሆነው፣ “ያ እልኸኛ ነው፤ በቀላሉ አይሸነፍም!” ብለው ጮኹ። አንዲት አሮጊት በጠርሙስ ቅባት ይዘው እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ።

“ለጀርባው ነው። ኩስቶዲዮን ጀርባው እኮ ነው የሚጎዳው። ማታ ማታ እሹለት።”

ቤልሚሮ ተቀብሎ አመሰገነ። ጠርሙሷን ለሊኖ ሰጠው፤ ሊኖ በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ።

መንገዱ ላይ ቤልሚሮ አወራ። ሦስት ዓመት ያልተናገረውን ይመስላል። “አባቴ ጀልባ ሲሠራ ማንንም አያስጠጋም። እኔን ግን እንጨቱን እንድይዝ ያደርገኛል። ከተንቀሳቀስኩ ይሰድበኛል።” ትንሽ ይቀዝፋል። “ኢዳሊናን አያውቃትም እኮ። ልጁን ቢያየው... አሁን ስደርስ እነግረዋለሁ። አፍንጫው የሱ ነው።” ጋሽ አናክሌቶ፣ “ንገረው፤ ደስ ይለዋል” ይላሉ። ሊኖ ከኋላ ሆኖ የቤልሚሮን ትከሻ ያያል። በሁለተኛው ቀን ሳንታ ኤልቪራ ስትቃረብ የቤልሚሮ አቀዛዘፍ ቀነሰ። ያኔ ሊኖ መቅዘፊያ አንስቶ አገዘው።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። እትዬ ዙልሚራን ጀልባ ማሰሪያው ላይ ቆመው አገኟቸው። ቀለም ያለው ልብስ ነው የለበሱት። ልጃቸውን ሳሙት፤ ትከሻውን ዳሰሱት፤ “ከስተሃል” አሉት። ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ቆሟል።

“አባዬስ?” አለ ቤልሚሮ።

“ደክሟል። ና መጀመሪያ ቅመስ።”

ቤት አስገቡት። ዓሣና የካሳቫ ዱቄት አቀረቡለት። ሊኖ ከቤቱ ሥር፣ ከምሰሶዎቹ መካከል ከሌሎቹ ወንዶች ጋር ቆመ። በወለሉ ስንጥቅ ድምፅ ይሰማል። ስለ ሕፃኑ ጠየቁት። ጥርስ አወጣ ወይ አሉት። አበልጁ ገብተው በቀኙ ተቀመጡ፤ አጎቱ በግራው። ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ይሰማል። ቤልሚሮ በላ፤ የቀረበለትን ሁሉ ጨረሰ። ከዚያ ወለሉ ተንቋቋ፤ እትዬ ዙልሚራ ተጠግተውት ነበር።

“ልጄ” አሉ። “አባትህ አርፏል።”

ቤልሚሮ እንደማያውቅ ሰው ጮኸ። ወደ ፊት ሲወድቅ በላዩ የተረባረቡት እጆች ወለሉን አናጉት። ከታች የቆሙት ወንዶች ኮፍያቸውን አወለቁ። ሊኖም አለቀሰ። የማንን አባት እንደሆነ ያለቀሰው ራሱም አያውቅም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ዙልሚራ ወደ ጣቢያዋ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ፊታቸው አብጧል፤ ግን የእረፍት እብጠት ነበር።

“አሁን ጻፍ።”

ሊኖ ብዕሩን አነሳ።

“ኩስቶዲዮ አርፏል። ልጁ ቤልሚሮ ደርሶለታል። ለታመመ ብላችሁ የጸለያችሁ፣ ቅባት የላካችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ዙልሚራ።”

“ሌላስ እማማ?”

“ሌላ የለም።”

ቀትር ላይ ጋሽ አናክሌቶ ሞተሩን አስነሱና ከወንበሩ ተነሥተው ለሊኖ ለቀቁለት። “የተጻፈውን” አሉ፤ “ብቻ” የሚለውን ተዉት።

ሊኖ አነበበ። ሁለት ቦታ ተደናቀፈ። ቤልሚሮ የሚለው ስም ላይ ሲደርስ አቆመና ውሃ ጠጥቶ ቀጠለ። ዙልሚራ ብሎ ሲጨርስ ከውጭ አንዲት ሴት ጮኸች። ከዚያ ሌላ። ጀልባ ማሰሪያው ላይ ያሉት ልብስ አጣቢዎች ተከተሉ። ኩስቶዲዮ ሲቀበር አፋቸውን ይዘው የቆሙት ሁሉ፣ አሥራ ሁለት ቀን ያወቁትን ነገር አሁን የሰሙት ይመስል፣ ከየቤታቸው እየወጡ ያለቅሱ ጀመር። እማማ ኤፍራዢያ ከወጥ ቤት ጮክ ብለው የኩስቶዲዮን ስም ይጠሩ ነበር።

ሊኖ ማይክሮፎኑን መዝጋት ረስቶ ነበር። ጋሽ አናክሌቶ እጃቸውን ወደ መዝጊያው ላኩ። ለቅሶውን ትንሽ አዳመጡ። ከዚያ እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።